ድመቱ ታስሮ ሳለ

ባሻ ላቀው የተጠሩት ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ነው። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ አባርቷል፤ ከሾዋክ ከተማ ወዲህ ያለው የስደተኞች ሰፈር ግን ጭቃ ለጭቃ ሆኗል። እንግዳው የሚባለው ጎረቤታቸው ከጎጇቸው ደጃፍ ቆሞ ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያፍተለተለ፣

«ባሻ፣ ይነሡ እንጂ» አለ። «ወልደ ማርያም ሞቶ አደረ። በላይነሽን ይዘዋታል።»

«የያዛት ማን ነው?»

«ሰፈርተኛው ነዋ። መርዝ አብልታው ነው ይላሉ። ሻዊሹም ከነመኪናው መጥቷል።»

ሻዊሽ የሚሉት የሱዳኑን የፖሊስ አለቃ ነው። ባሻ ምርኩዛቸውን አነሡ። በመተማና በጭልጋ ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ግማሹን ዘመን ሬሳ ከወደቀበት እየተጠሩ ገዳይ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ጉልበታቸው አብጧል፤ ከማዕረጋቸውም የቀራቸው መጠሪያው ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰፈሩ በተጣላ ቁጥር እሳቸውን ይጠራል፣ ሻዊሹም ቃላቸውን ይሰማል።

የዚያን ጧት እግራቸውን የከበዳቸው ግን የጉልበታቸው እብጠት አልነበረም። የሟቹንና የበላይነሽን ጠብ ከስምንት ቀን በፊት ተቀምጠው የዳኙት ራሳቸው ነበሩ።

ጠቡ የድመት ጠብ ነው። ዘመኑ ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሐምሌ፤ ረሃቡ ከጎንደር ቆላም ከትግራይም ሰውን ነቅሎ ሱዳን ያፈሰሰበት ጊዜ ነው። ሰው ሲራብ አይጥም ይራባል፤ የተኛ ሕፃን ጣት ይነክሳል። በላይነሽ ባሏ መንገድ ላይ ከሞተባት በኋላ የሰባት ወር ልጇን አይጥ እንዳይነካባት ብላ፣ አመዴ የምትለውን አመድማ ድመት ከሾዋክ ገበያ ለምና አመጣች። ወልደ ማርያም ደግሞ ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነበር። የእሱ ዘመድ አንዲት ዶሮ ናት። ዶሮዋ ስድስት ጫጩት ፈለፈለችለትና ሁለቱ በሁለት ቀን ሞተው ተገኙ።

«ድመትሽ ፈጀብኝ፣ እሰሪው» አለ ወልደ ማርያም።

«ድመት ዞሮ ይገባል እንጂ እንደ በግ አይታሰርም» አለች በላይነሽ።

እሱ መርዝ እገዛለታለሁ ሲል፣ እሷ ሰው ሁሉ እየሰማ «አመዴን የነካ፣ እሱንም ይንካው» ብላ ተራገመች። ከዚያ ሽማግሌ ተቀመጠ። ከአጠገባቸው የሚኖረው ታምሬ ተነሥቶ፣ «ድመቱ ከቤት አይውጣ። የድሃ ጫጩት ነው፣ ግፍ ነው» ሲል ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ባሻም ፈረዱ። አመዴ ከአልጋው እግር በገመድ ታሰረ።

አሁን ወደ ሟቹ ጎጆ ሲሄዱ፣ የዚያን ቀን አንድም ሰው፣ እሳቸውም ጭምር፣ የሞቱት ጫጩቶች ይምጡና እንያቸው አለማለቱ ትዝ አላቸው።

ሬሳው ከወለሉ ላይ ነበር። ሰውየው ተኝቶ የሞተ አይመስልም። ተረከዙ አፈሩን ምሶታል፣ ጥርሱ ምላሱን ነክሶ ይዟል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ከራስጌው አስመልሷል። ከአጠገቡ ተጠርጎ የተበላ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጧል።

«ቆርቆሮው የእሷ ነው» አሉ ከደጅ የቆሙት ሴቶች። «ማታ ስታገባለት አይተናል።»

ሻዊሹ ገና ወጣት ነው፤ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ ድንጋይ ላይ ቆሟል። የሚናገረውን ጀማሉ ያስተረጉምለታል። ጀማሉ ከመተማ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ከሰፈሩ መግቢያ ትንሽ ሱቅ አለችው።

«ነገሩ ኸላስ፣ አልቋል ይላል» አለ ጀማሉ። «ረገመችው፣ አበላችው፣ ሞተ። ገዳሪፍ እስር ቤት ይወስዳታል።»

በላይነሽ ከመኪናው ጎማ አጠገብ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ሕፃኑ ጡቷን ይጎትታል፣ ይተፋዋል፣ ደግሞ ይጎትታል። ባሻ የገዳሪፍን እስር ቤት ያውቁታል። ሐምሌ ላይ ወባው ትልቁን ሰው ይጥላል። ይህ ልጅ ከዚያ ቢገባ ወር አይቆይም።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይስጠኝ በለው» አሉ። «ሰውየውን የገደለውን ሰው እሰጠዋለሁ። ካልሰጠሁት እሷን ይውሰድ።»

ሻዊሹ ባሻን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

«ሽማግሌው ቁርስ በልተዋል ወይ ነው የሚለው» አለ ጀማሉ አፍሮ። «እሺ ብሏል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

ባሻ ሰውን ሁሉ አስወጥተው ከሬሳው ራስጌ ጎንበስ አሉ። ትውከቱን በጭድ አገላብጠው አዩት። ከነጭ ፈሳሹ መካከል ተቀቅሎ ያበጠ፣ ያልተፈጨ የማሽላ ፍሬ አለ፤ አንድ ሁለት ሳይሆን እፍኝ የሚሞላ። ጥቂቱን በውሃ ለቅለቅ አድርገው በመሐረባቸው ጫፍ ቋጠሩት። ምድጃውን ዳሰሱት፤ አመዱ ቀዝቅዞ ሻግቷል። ከጣሪያው ሣር ውስጥ ደግሞ አንዲት የወረቀት ጥቅል አገኙ፤ የአይጥ መርዝ ናት። ማሰሪያዋ አልተፈታም፤ የጀማሉ ሱቅ ቋጠሮ እንደሆነ ያውቁታል።

መጀመሪያ ወደ በላይነሽ ሄዱ።

«ልጄ፣ ማታ ምን ወሰድሽለት?»

«አጥሚት።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከምን ይሠራል ባሻ? ከራሽኑ ዱቄት ነዋ። የዚህ ወር ራሽን ዱቄት ብቻ እንደሆነ ያውቁ የለም?»

«ከተጣላሽው ሰው ጋር አጥሚት ምን አገናኘሽ?»

«ትናንትና ሦስተኛው ጫጩት ሞተበት። አመዴ ታስሮ ነው የዋለው፣ እኔ ከአጠገቡ አልተነሣሁም። ወልደ ማርያም ራሱ መጣና ገመዱን አየ። "እንግዲያ ድመትሽ አይደለም፣ በከንቱ ነው ያጣላሁሽ" አለኝ። ይቅር ተባባልን። ምንም ስላልነበረው አጥሚቱን ሰጠሁት።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ባሻ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ማታ ሌላ የሰማሽው ነገር አለ? ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ዝናብ ነበር፣ አላየሁም። የሰማሁት የታምሬንና የሸጊቱን ልጆች ለቅሶ ነው። እንጀራ እንጀራ እያሉ አልቅሰው አልቅሰው ተኙ። ይገርምዎታል፣ ድስታቸው ሲፈላ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። እሳቱም ይታየኝ ነበር።»

«ድስቱ እየፈላ ልጆቹ ሳይበሉ ተኙ?»

«እንዲያ ነው የሰማሁት።»

ጀማሉ ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ነበር። ጥቅሏን ሲያያት ፊቱ ጨለመ።

«የእኔ ናት ባሻ፣ ወላሂ አልክድም። ለወልደ ማርያም ነው የሸጥሁለት። ለድመት ነው አለኝ። ተው ብዬው ነበር።»

«ለሌላ ሰውስ?»

«ለማንም። ከዚያች አንዲት በቀር አልነበረኝም። ሰው የሚበላው ሳይኖረው ለአይጥ ማን ይገዛል?»

«ማሽላስ? ማሽላ የገዛህ አለ?»

ጀማሉ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «ዘንድሮ ዱራ ከየት ይመጣል? ሱዳኖቹ ራሳቸው ቅጠል ቀቅለው እየበሉ ነው። መሬቱን ለመዝራት ለትልልቆቹ እርሻዎች ከመጣው ዘር በስተቀር በዚህ አገር ዱራ አላየሁም።»

ባሻ ወደ ሟቹ ጓሮ ተመለሱ። ዶሮዋ ሦስት ጫጩት አስከትላ ጭቃውን ትጭራለች። የሦስተኛውን ጫጩት ሬሳ ፈለጉ፤ ወልደ ማርያም ከአጥሩ ሥር ቀብሮት ኖሯል፣ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ እግሩን አውጥቶታል። አንሥተው በመዳፋቸው አስቀመጡት። ጥርስ አልነካውም፣ ላባው አልተነጨም። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል።

ሰውየውም እንዲሁ ነበር።

ከኪሳቸው ምላጭ አውጥተው የጫጩቱን የእህል ከረጢት ሰነጠቁት። አምስት የማሽላ ፍሬ ወጣ። አራቱ ነጫጭ ናቸው። የአምስተኛው ግንባር ጎድጎድ ያለበት ቦታ ላይ ግን ትንሽ ቀለም ቀርቷል፤ የጽጌረዳ ቀለም። ባሻ ፍሬውን በጥፍራቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ዶሮዋን ቀስ እያሉ ተከተሏት። ዶሮ የበላችበትን ቦታ አትረሳም። በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ከነታምሬ ጓሮ ገባች፤ የተደፋ ውሃ መሬቱን ያበሰበሰበት ቦታ ላይ ቆማ ትጭር ጀመር።

ታምሬ ከጎጆው በር ላይ ቁጭ ብሎ መጥረቢያ ይስላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው ነው። መፋዛ ከሚባለው የሱዳኖች ትልቅ እርሻ ሠርቶ ከተመለሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

«ባሻ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ይህ ጉልበት ከተቀመጠ አይነሣልኝም። ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ። ጎህ ሲቀድ።»

«ምን ልትል ሄድህ?»

«እሳት ልጭር ነዋ። የኛ በዝናቡ ጠፍቶ አደረ። ብጠራው ዝም አለ። ስገባ እንዲያ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከአጠገቡ ምን ነበር?»

«የበላይነሽ ቆርቆሮ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።» መጥረቢያውን አገላበጠ። «ምስኪን ነበር። ድመቱን ባያነሣ ይሻለው ነበር።»

ሚስቱ ሸጊቱ ከጎጆው ውስጥ ነበረች። ጥቁር ለብሳለች። ከአራት ወር በፊት ታላቂቱን ልጇን ከድንበሩ፣ ከሐምዳይት ማዶ በመንገድ ቀብራ ነው የመጣችው። አራቱ ትንንሾች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አንዱም አይጫወትም፣ አንዱም አይጣላም። ባሻ ልጅ ሲረብሽ ማየት ናፈቃቸው።

«ልጆቹ ማታ ምን በሉ፣ እመት ሸጊቱ?»

«ቂጣ» አለች።

«እጅሽ ምን ሆኖ ቀላ?»

እጇን ከነጠላዋ ሥር ከተተችው። «ሂና ነው። የሱዳን ሴቶች ቀቡኝ።»

«እንዲህ ነው?» አሉ ባሻ በዝግታ። ጎንበስ ብለው ትንሹን ልጅ ራሱን ዳሰሱትና ወጡ። ሲወጡ ፊታቸው እንደ ገቡበት አልነበረም። እንግዳው ከደጅ ጠብቋቸው ኖሮ፣

«አገኙት እንዴ?» ሲላቸው፣

«ባላገኘው በወደድሁ» አሉ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰው ሁሉ ከትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ። ሻዊሹ ወንበር መጣለት፣ ጀማሉ ከጎኑ ቆመ። በላይነሽ ልጇን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ታምሬና ሸጊቱ ከፊት ነበሩ፤ ባሻ ናቸው አጠገቤ ቁሙ ያሏቸው። እንግዳውን በጆሮው አንድ ነገር ነግረው ላኩትና ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሟቹን መርዝ ገድሎታል፤ በዚህ ሁላችንም እንስማማለን» አሉ። «የማንስማማው መርዙ ከየት መጣ በሚለው ነው። ይቺ የአይጥ መርዝ ከጣሪያው ተገኘች። ራሱ ነው የገዛት። እነሆ፣ ማሰሪያዋ እንኳ አልተፈታም። ስለዚህ በዚች አልሞተም። ጀማሉ፣ ንገረው።»

ጀማሉ ነገረው። ሻዊሹ ጥቅሏን ተቀብሎ አየ።

«ቀጥሎ አጥሚቱ ነው። በላይነሽ አጥሚት ሰጥታዋለች፣ አልካደችም። አጥሚት ዱቄት ነው። ሟቹ ያስመለሰው ግን ይህን ነው።» መሐረባቸውን ፈቱ። «ማሽላ። ንፍሮ ሆኖ የተቀቀለ ማሽላ። የዚህ ወር ራሽናችን ዱቄት ብቻ ነው። እስኪ ማሽላ ያለው ሰው እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም። ከኋላ አንዱ፣ «ቢኖረን እዚህ እንቆም ነበር?» አለ። የሳቀ የለም።

«ስለዚህ ከአጥሚቱ ሌላ፣ አንድ ሰው ንፍሮ ወስዶለታል። ሳህኑ ግን በቦታው የለም። ንፍሮ በእጅ አፍሶ አይሄድም። ሳህኑን የወሰደው ማን ነው? ከሰው ሁሉ በፊት የገባው ነው።»

ታምሬ ቀና አለ። «እኔ እሳት ልጭር ነው የገባሁት፣ ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረኸኛል። ወልደ ማርያም ግን እሳት አልነበረውም። የምድጃው አመድ ሻግቷል። ብቸኛ ሰው ነበር፤ እኛ የሰጠነውን እየበላ ነው የኖረው፣ ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ምድጃው ነዶ አያውቅም። አንተ ግድግዳ ለግድግዳ ነህ፣ ይህን ታውቃለህ። እሳት የሌለው ቤት እሳት ሊጭር የሚሄድ ሰው፣ ሌላ የሚያየው ነገር አለው።»

ሰዉ ተንሾካሾከ። ባሻ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አሁን ወደ ድመቱ ልምጣ። ሁለት ጫጩት ሞተ፣ ድመቱ ነው ተባለ። ይታሰር ተባለ፣ እኔም ፈረድሁ። ሬሳቸውን አምጡ ሳልል ፈረድሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሬሳ ያየሁ ሰው፣ ጫጩት ነው ብዬ ናቅሁት።» ድምጻቸው ትንሽ ደከመ። «ትናንት ድመቱ ታስሮ ሳለ ሦስተኛው ሞተ። ይኸው ነው፣ ጥርስ አልነካውም። አንገቱን እዩት፤ እንደ ሰውየው አንገት ነው። ድመቱ ባይታሰር ኖሮ ይህንንም በእሱ እናሳብብ ነበር። መታሰሩ ንጹሕነቱን አስመሰከረለት፤ ጫጩቶቹንም ሰውየውንም የገደለው አንድ ነገር እንደሆነ አሳየን።»

ፍሬውን ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይህ ከሆዱ የወጣ ነው። ከጎድጓዳው ውስጥ ቀለም አለ። እርሻ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የዘር ማሽላ ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት ይታሻል፣ ሰው እንዳይበላው ቀይ ቀለም ይቀባል። የእርሻ ሠራተኛ ደግሞ ምን ይላል?»

ከመሐል አንድ ሽማግሌ፣ «ታጥቦ ቀለሙ ከለቀቀ መድኃኒቱም ለቀቀ ይላል» አለ።

«ይህ ነው ስሕተቱ። ቀለሙ ውኃ ይወደዋል፣ ይሄዳል። መድኃኒቱ ግን ቅባት ነው፣ ፍሬው ውስጥ ይቀራል። በጭልጋ ሳለሁ በዚህ የሞቱ ሦስት ሰዎች ቀብሬያለሁ። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ያበላችው የእጣቢው ውሃ ከተደፋበት ጓሮ ነው። ጓሮውን አይቼዋለሁ። እመት ሸጊቱ፣ ሐዘን ላይ ያለች ሴት ጥቁሯን ሳትጥል ሂና ትቀባለች ወይ?»

ሸጊቱ እጆቿን አወጣች። ከጣቶቿ መካከል፣ ከመዳፏ ሽንትር ውስጥ፣ ያ የጽጌረዳ ቀለም ነበር። ቀና ብላ ባሻን አየቻቸው።

«የመጨረሻው ይህ ነው» አሉ ባሻ። የሚቀጥለውን ሲናገሩ ታምሬን አላዩትም፤ መሬቱን ነው ያዩት። «ማታ በዚያ ቤት ድስት ሲፈላ ጎረቤት ሰምቷል። ልጆቹ ግን እንጀራ እያሉ አልቅሰው ተኙ። ድስቱ እየፈላ አራት ልጅ ጾሙን ያሳደረ አባት፣ ምኑም ላልሆነ ጎረቤት ንፍሮ ላከ። ለምን? ቸርነት ነው እንዳልል ልጆቹ አሉ። መብሉ እንደሚገድል ጠርጥሯል፤ እንደሚገድል ግን እርግጠኛ አልነበረም። በልቶ የሚያድር ሰው ፈለገ። ጎህ ሲቀድ የሄደው ለዚህ ነው፤ ማደሩን ሊያይ።»

በዚያን ጊዜ እንግዳው ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ግማሽ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ከታምሬ አልጋ ሥር ነበር የተገኘው። ጆንያው ላይ በዐረብኛ የተጻፈ አለ። ጀማሉ ጎንበስ ብሎ አነበበ። «ለመብል አይሆንም ይላል።»

ታምሬ ማንበብ አያውቅም ነበር። ጆንያውን እንደ ሰው አየው።

«ከመፋዛ ያመጣሁትን ሦስት ጊዜ አጠብነው» አለ። ለሁሉም ሳይሆን ለባሻ ብቻ የሚናገር ይመስል ነበር። «በአመድ አሸነው። እንደ ጥጥ ነጣ፣ ግን ልንበላው ፈራን። ሁለቱ ጫጩቶች ሲሞቱ ድመት ነው አልን፤ እውነት መስሎኝ ነው፣ እኔም ይታሰር አልሁ። ሦስተኛው ሲሞት ገባኝ። እንደገና አጠብነው። ከእንግዲህ ንጹሕ ነው፣ አይደለም፣ ንጹሕ ነው እያልሁ… ታላቂቱን በመንገድ ቀብሬ ነው የመጣሁት ባሻ። እሱ የሚያለቅስለት የለውም አልሁ። እሱ በልቶ ካደረ ልጆቼም ይበላሉ አልሁ።»

«ለምን አንተ አልቀመስኸውም?»

«እኔ ብሞት ማን ያበላቸዋል?»

መልስ የሰጠችው ሸጊቱ ናት።

«እኔ ትቀምሰዋለህ ብዬ ነበር» አለች ባሏን ሳታይ። «ሳህኑን ይዘህ ስትወጣ፣ ልጆቹ እንዳያዩህ ደጅ ሆነህ ልትቀምሰው መስሎኝ ነበር። እስክትመለስ ስጸልይልህ ቆየሁ።»

ጀማሉ ይህን አስተረጎመለት። ሻዊሹ ከወንበሩ ተነሣ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ለበላይነሽ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ሂጂ ማለቱ ነው። ታምሬ ሳይታሰር ራሱ ወደ መኪናው ሄደ። ከልጆቹ ፊት ሲያልፍ ቆም አለና፣ የሚለው ሲጠፋው የትልቁን ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ ቆለፈለት፤ ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ።

መኪናው ከሄደ በኋላ በላይነሽ ወደ ባሻ ቀረበች። ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል።

«ባሻ፣ አመዴን እንግዲህ ልፍታው?»

«ጫጩቶቹን አልበላም፣ ይህ ተፈርዷል። ነገር ግን ከዚያ ጓሮ የበላ አይጥ ይኖራል። ያን አይጥ ከበላ ይሞትብሻል። ከቤት ብታውይው ይሻላል፣ ይህን እኔ እልሻለሁ። ፍርዱ ግን ያንቺ ነው፤ ከእንግዲህ በሰው ድመት አልፈርድም።»

«ይጮሃል እኮ። ቀኑን ሙሉ በሩን ሲቧጥጥ ይውላል። መውጣት የለመደ ነው።»

«ይጩህ።»

«ዝናቡ ጓሮውን እስኪያጥበው እይዘዋለሁ» አለች። «ቢጠላኝም።»

ጆንያው እንዲቀበር ባሻ አዘው ነበር። እንግዳውና ሌላው ሰው ከሰፈሩ ጥግ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሰው ሁሉ ከበበ። የሚቀበረው እህል ነው፤ በዚያ ዓመት እህል ሲቀበር ያየ ሰው አልነበረም። ጆንያው ሲገለበጥ ማሽላው ነጭ ሆኖ ፈሰሰ፣ ፍሬው ሙሉ ነበር፣ ያብረቀርቅ ነበር። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። የእንግዳው አካፋ አፈር እንዳነሣ ቆመ።

«ባሻ» አለ፣ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳያነሣ። «ሰባት ጊዜ ቢታጠብስ?»

ማንም አልተቆጣውም። ባሻ ዙሪያውን አዩ፤ ሰው ሁሉ የእሳቸውን አፍ ያያል። የእንግዳው ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነበር።

«አይሆንም ልጄ» አሉ። «መቶ ጊዜም ቢሆን። አልብሰው።»

እንግዳው አፈሩን መለሰ። ጉድጓዱ ሞላ፤ ረገጡት። ነገር ግን ሰዉ አልሄደም፣ ዓይኑን ከቁልሉ ሳያነሣ ከዚያው ቆመ። ባሻ ይህን አዩና ወደ ቁልሉ ሄዱ፤ አንድ ጊዜ ከተቀመጠ የማይነሣውን ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ ከአፈሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሂዱ፣ ወልደ ማርያምን ቅበሩ» አሉ። «እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»

ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። በላይነሽ አልሄደችም። መጣችና ከባሻ ጎን፣ ከቁልሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ወደ ጡቷ አስጠጋች። ሕፃኑ ይጎትታል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ይጎትታል።